የቀይ ቀበሮ ጎሬ ክትትል በወሎ ደጋ፦ ሳይቀርቡ መቁጠር

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለም። ለመራባት የደረሱት ሁሉ ቢቆጠሩ 500 አይሞሉም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። ወሎ ውስጥ በሁለት ወገን ይገኛሉ፦ በላስታ አቡነ ዮሴፍና አቦይ ጋራ፣ በደቡብ ወሎ ደግሞ ቦረና ሳይንት። ጎጃም ጮቄ ላይና ሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይ የነበሩት ጠፍተዋል። በአንድ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ እሷም በዓመት አንዴ። ስለዚህ በአንድ ተራራ ላይ በአንድ ዓመት የሚኖሩት ጎሬዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንዱን ጎሬ በሚገባ መጠበቅ ትልቅ ሥራ ነው። አንዱን ማስደንበርም ትልቅ ጥፋት ነው።

ሥራው ሦስት ነገር ማወቅ ነው፦ ስንት ቡችላ ተወለደ፣ ስንቱ 6 ወር ደረሰ፣ የቀረው ለምን ቀረ። ብዙ አዲስ ፈቃደኛ በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ብቻ ይቀራል፤ ቡችላ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ደስ ብሎት ይወርዳል። መንጋውን የሚያቆየው ግን ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ ለመፍትሔ የሚረዳው ደግሞ ሦስተኛው።

ወቅቱ

ቀይ ቀበሮዎች የሚገናኙት ከነሐሴ እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ነው። እርግዝናው 2 ወር ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ ቡችሎቹ የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ዝናቡ አልፎ፣ ገብሱ ታጭዶ፣ ሌሊት ውርጭ የሚጥልበት ጊዜ መሆኑ ነው። ከ2 እስከ 6 ይወለዳሉ፤ አልፎ አልፎ 7። ሲወለዱ ዓይናቸው አልተገለጠም፣ ጥርስ የላቸውም፣ ጸጉራቸውም ከሰል የመሰለ ጥቁር ግራጫ ነው።

እስከ 3 ሳምንት ድረስ ከጉድጓዱ አይወጡም፤ በዚያ ጊዜ ከውጭ የሚታየው የእናቲቱና የጠባቂዎቹ መመላለስ ብቻ ነው። ብቅ ማለት ሲጀምሩ ጥቁሩ ጸጉር ወደ ቀይነት መለወጥ ይጀምራል። ከ5ኛው እስከ 10ኛው ሳምንት ጡትም ይጠባሉ፣ አዋቂዎቹ የሚያስመልሱላቸውንም ይበላሉ። ከ10ኛው ሳምንት እስከ 6 ወር ድረስ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አዋቂዎቹ በሚያመጡት ሥጋ ይኖራሉ። አባትም፣ ያልወለዱ ወንድምና እህቶችም ይቀልባሉ፤ አንዳንዴ ሌላ ሴት አብራ ታጠባለች። ስለዚህ ሁለት የምታጠባ ሴት አንድ ጎሬ ላይ ብታዩ ሁለቱም ወልደዋል ብላችሁ አትደምድሙ።

የክትትሉ ልክ እንዲህ ይሁን፦ ቡችላ ብቅ ካለበት ቀን ጀምሮ እስከ 10ኛው ሳምንት በየ7 ቀኑ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየ15 ቀኑ። ከዚህ ማብዛት ለቀበሮዎቹም ለእናንተም አይጠቅምም።

መጀመሪያ፣ ቀበሮው የትኛው ነው?

በአካባቢያችን "ቀበሮ" ሲባል ሁለትና ሦስት እንስሳ አንድ ላይ ይጠራል። ቀይ ቀበሮ እግሩ ረጅም፣ አፈሙዙ ቀጭንና ረጅም፣ ጉሮሮውና ደረቱ ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁርና ጎፈሬ ነው። ተኩላው ወደ ግራጫና ቢጫ ያደላል፣ ጀርባው ጠቆር ይላል፣ የነጭና የቀይ ድንበሩ እንደ ቀይ ቀበሮ ቁልጭ ያለ አይደለም። ቀይ ቀበሮ በቀን ያድናል፤ ምግቡ በአብዛኛው አይጥና ፍልፈል ነው። በጠዋት ፀሐይ በጓሳ ሣር መሐል ብቻውን ቀስ እያለ የሚራመድ፣ እየቆመ ጆሮውን ወደ መሬት የሚያዘነብል ካያችሁ እሱ ነው። ጭላዳ መንጋ መሐልም ጭላዳዎቹ ሳይደናበሩ ሲያድን ይገኛል፤ በመንዝ ጓሳ ይህ በጥናት የታየ ነገር ነው። ጭላዳ የተሰማራበትን ሜዳ ዳር ዳሩን መቃኘት ስለዚህ አይከፋም።

ከመውጣታችሁ በፊት

ፈቃድ ከፓርኩ ወይም ከማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታው አስተዳደር ይያዝ፤ ቀበሌውም ይወቅ። ብቻ መውጣት አይገባም፤ ሁለት ሁለት ሁኑ። የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፦

8 በ42 ወይም 10 በ42 ባይኖኩላር (ፊተኛው ቁጥር ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ ኋለኛው የፊት መስታወቱ ስፋት በሚሊ ሜትር)። 10 እጥፍ የሚያቀርበው በነፋስ ጊዜ እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ክርናችሁን ጉልበት ላይ ካላሳረፋችሁ 8ቱ ይሻላል። ከ20 እስከ 60 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ ሦስት እግር ቴሌስኮፕ ለቡድኑ አንድ ቢኖር ቡችላ ለመቁጠር ወደር የለውም። ኮምፓስ። ጂፒኤስ ያለው ስልክ። ደብተርና እርሳስ፤ እስክሪብቶ በብርድ ይደርቃል፣ በጤዛ ይሟሟል። በሶ ወይም ቆሎ፣ ውኃ።

ልብስ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ነጭ ጋቢ ተራራ ላይ ከሩቅ የሚታይ ባንዲራ ነው። ጋቢው ለብርዱ አስፈላጊ ነውና አትተዉት፤ ከላዩ ግን ቡናማ ወይም ግራጫ ብርድ ልብስ ደርቡበት። ስልኩን ውስጥ ኪስ፣ ገላ አጠገብ ያዙት፤ ውርጭ ላይ የቀረ ባትሪ ግማሽ ነው እያለ ድንገት ይዘጋል። የበረራ ሁነታ ላይ ብታደርጉት ይቆይላችኋል። አንዳንድ ስልክ በዚያ ሁነታ ጂፒኤሱንም ስለሚያጠፋ ከቤት ሳትወጡ ሞክሩት።

ውሻ አይከተላችሁ። የራሳችሁም የጎረቤትም። ምክንያቱ በኋላ ይመጣል።

ጎሬውን ማግኘት

ጎሬ የሚቆፈረው ብዙ ጊዜ ከትልቅ ድንጋይ ሥር፣ ከገደል ስንጥቅ ወይም ከገላጣ ዳገት ላይ ሲሆን ከአንድ በላይ መግቢያ ሊኖረው ይችላል። ግን እየዞራችሁ ጉድጓድ አትፈልጉ። የሚፈለገው ቀበሮው ነው፤ ጎሬውን እሱ ያሳያችኋል።

የሚያድን ቀበሮ ይጠማዘዛል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ወደ ቡችላ የሚሄድ ቀበሮ በቀጥታ መስመር ሶምሶማ ይላል፤ አንዳንዴ አይጥ በአፉ ይዟል። ይህን አካሄድ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው የማታ ጊዜ ሁለት ቀን በተከታታይ ወደ አንድ አቅጣጫ ካያችሁ ጎሬው ያ ወገን ነው። ጡቷ ያበጠ ሴት ካለች ደግሞ እሷን ተከታተሉ፤ ከጎሬ ብዙ አትርቅም።

አሁን ቦታውን ሳትቀርቡ መዝግቡ። ሁለት ሰው፣ ከሁለት የተለያየ ኮረብታ፣ በአንድ ሰዓት፣ የጎሬውን አቅጣጫ በኮምፓስ ይለካ። እያንዳንዱ የቆመበትን ነጥብ በጂፒኤስ ይያዝ። ሁለቱ መስመሮች ካርታ ላይ የሚቋረጡበት ጎሬው ነው። መስመሮቹ የሚገናኙበት ማዕዘን ከ60 እስከ 120 ዲግሪ መካከል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ሁለታችሁ ጎን ለጎን ተቀራርባችሁ ከለካችሁ የ3 ዲግሪ ስሕተት ብቻ ጎሬውን ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይከተዋል። ኮምፓሱን ስልክ አጠገብ አትያዙ፤ መርፌውን ይጎትተዋል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት የካርታው ነው። ወሎ የሚገኘው በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚያሰፍረው የካርታ መረብ) ዞን 37 ሰሜን ነው። ስልካችሁ የሚሰጠው ቁጥር ደብሊውጂኤስ 84 በሚባለው የልኬት መነሻ ነው፤ የቆዩት ባለ 1፡50,000 የወረቀት ካርታዎች ግን አዲንዳን በሚባል ሌላ የልኬት መነሻ ነው የተሠሩት። አንዱን ቁጥር በሌላው ካርታ ላይ ካሰፈራችሁ ጎሬው 200 ሜትር ገደማ ፈቀቅ ይላል። በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የትኛውን እንደምትጠቀሙ ጻፉ።

የቦታ ስምም ይጻፍ፤ ግን አንዱ ሸለቆ በወዲህና በወዲያ ያሉ እረኞች ሁለት ስም ሊያወጡለት ይችላሉ። ሁለቱንም ጻፉ።

እረኛን መጠየቅ

ከማንም በላይ ጎሬ የሚያውቁት እረኞች ናቸው። አጠያየቁ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሳሳታል። "ቡችላ አይተሃል?" ካላችሁት ልጁ ሊያስደስታችሁ "አዎ" ይላል። ሰላምታውን አድርሳችሁ፣ ከብቱና በጉ ደኅና መሆኑን ጠይቃችሁ፣ ቁጭ ብላችሁ፣ "ትናንት ሲመሽ ከየት ወዲህ መጣ? አፉ ላይ ምን ነበር? ስንት ሆነው?" በሉት። ያየ ልጅ በእጁ እያሳየ ይነግራችኋል፤ ያላየው "እኔ እንጃ" ይላል። ሁለቱም መልስ ጠቃሚ ነው። ጎሬውን ላሳየ ልጅ ገንዘብ አትስጡ። ገንዘብ ከሰጣችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ጎሬ ለጎሬ እየዞሩ ቡችላ ሲጎትቱ ታገኟቸዋላችሁ።

በግ በልቶብኛል የሚል ገበሬ ካለም አትከራከሩት። የሰሜኑ ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ተኩላው ነው። ቀኑን፣ ቦታውን፣ ምን እንደታየ መዝግቡ፤ ካሳ ይከፈልሃል ብላችሁ ቃል አትግቡ።

አቀማመጥና ነፋስ

ከጎሬው ከ300 ሜትር በታች አትቅረቡ። የወሎው ቀበሮ እንደ ባሌው ሰው የለመደ አይደለም፤ ሰው ሲያይ ቶሎ ይሸሻል። ከሁሉም የሚሻለው ቦታ ጎሬው ፊት ለፊት ያለው ሌላ ዳገት ነው፣ ሸለቆ መሐላችሁ ሆኖ።

ነፋሱን አስሉት። ፀሐይ ከመውጣቷ በፊት ቀዝቃዛው አየር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ከጎሬው በላይ ከተቀመጣችሁ ሽታችሁ ቀጥታ ቡችሎቹ ላይ ይወርዳል። ዳገቱ ሲሞቅ አየሩ ተገልብጦ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከታች መሆን ያሳጣል። ፊት ለፊት ዳገት ላይ ያለ ሰው ከሁለቱም ይድናል። ፀሐይም ከጀርባችሁ ትሁን፦ ለጠዋት በስተ ምሥራቅ፣ ለማታ በስተ ምዕራብ። ፀሐይ ፊታችሁ ከሆነ መነጽሩ ያብለጨልጫል፣ ቡችላውም ጥላ ብቻ ይሆንባችኋል።

ጠዋት ከ12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት፣ ማታ ከ9፡30 እስከ 12 ሰዓት ተቀመጡ። ከመንጋው አብዛኛው ጎሬ ላይ የሚገናኘው በእነዚህ ሰዓታት ነው። ቦታችሁ ላይ ጠዋት የምትደርሱት ከመንጋቱ በፊት መሆን አለበት፤ ብርሃን ከሆነ በኋላ ገላጣ ሜዳ ማቋረጥ ጎሬውን ከመቅረብ እኩል ነው። ማታ ደግሞ ጅብ አለና ሳይጨልም ውረዱ።

አንዲት ቀበሮ ወደ እናንተ ዞራ ደጋግማ ብትጮህ፣ ወይም አዋቂ ቡችላ በአፉ አንጠልጥሎ ሲወጣ ካያችሁ፣ መዝግባችሁ በመጣችሁበት መንገድ ወዲያው ተመለሱ። ያ ጎሬ ለ10 ቀን አይጎብኝ።

መቁጠር

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ደብተር የሚበላሸው። ቡችላ ይገባል ይወጣል፤ ሦስት ወጡ፣ ገቡ፣ ሁለት ወጡ። "5" ብሎ የሚጽፍ ፈቃደኛ ብዙ ነው። የሚጻፈው በአንድ ቅጽበት አብረው የታዩት ትልቁ ቁጥር ነው፤ እሱም 3 ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከዚያ ሊበልጥ ይችላል፣ ሊያንስ ግን አይችልም። በሦስት የተለያዩ ቀናት ተመልከቱ፣ ከሦስቱ ትልቁን ውሰዱ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር ለየብቻ ይቁጠር፣ ከዚያ ያስተያይ። ቁጥራችሁ ከተለያየ ሁለቱም ይጻፍ፤ ተስማምቶ መሐሉን መጻፍ የለም።

ለመቁጠር ምርጡ ጊዜ ምግብ ሲመጣ ነው። አዋቂው ከሩቅ ሲታይ ቡችሎቹ ጭራቸውን እየቆሉ ይሮጣሉ፣ አፈሙዙን ከጎኑ ይልሳሉ፣ ይነካክሳሉ። እሱ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ሆዱ ሁለት ሦስቴ ይሰበሰባል፣ ያስመልሳል። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ጭንቅላት አንድ ቦታ ላይ ነው። ባይኖኩላሩን ከአዋቂው ወደ መሬቱ አውርዱ።

ደብተር ላይ እንዲህ ይመስላል፦

"ታኅሣሥ 14፣ ጠዋት ከ12፡20 እስከ 3፡50። ሰማይ ጥርት ያለ፣ ውርጭ፣ ነፋስ ከላይ ወደ ታች። አዋቂ 4፣ ቡችላ በአንዴ የታየ 3። ጠዋት 1፡05 የምታጠባዋ ሴት ከጎሬ ወጣች። 1፡40 አዋቂ አይጥ በአፉ ይዞ መጣ፣ ጣለላቸው። 1፡55 ሌላ አዋቂ አስመለሰላቸው። 2፡30 እረኛ፣ 30 ያህል በግ፣ ከጎሬው በስተ ምሥራቅ አለፈ፣ ውሻ የለም።"

"ጠዋት" የሚለው ቃል አይቅር። በእኛ 12፡20 ጠዋት የሆነውን፣ ኮምፒውተር ላይ የሚያስገባው ሰው እኩለ ቀን አድርጎ ይወስደዋል። ቀኑም እንዲሁ፤ በኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው በዚያው ቀጥሉ፣ ለውጡን አንድ ሰው ብቻ ያድርገው። ምንም ያልታየበት ቀንም ይጻፋል። "ሄድን፣ 3 ሰዓት ተቀመጥን፣ ምንም የለም" መረጃ ነው።

ጎሬው ባዶ ሲሆን

ባዶ ጎሬ ማለት ሞት አይደለም። ቀበሮዎች ቡችላ ከአንድ ጎሬ ወደ ሌላ ያዘዋውራሉ፤ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊያርቋቸው ይችላሉ። ሁለት ጊዜ ባዶ ካገኛችሁት ወደ ጉድጓዱ አትሂዱ፤ ወደ መጀመሪያው ሥራ ተመለሱ፣ ማታ ማታ በቀጥታ የሚሮጠውን ቀበሮ ፈልጉ። አዋቂዎቹ አሁንም ምግብ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ቡችሎቹ አሉ። በአዲሱ ጎሬ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው ቁጥር ከፊተኛው ካነሰ ግን ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ምልከታ አድርጋችሁ ነው "ጎድሏል" የምትሉት።

ጠባቂ የሌለውን ቡችላ ንስርና ጅብ ይወስደዋል። የሰው ደጋግሞ መምጣት የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው፦ ጠባቂው አዋቂ እናንተን ለማየት ወይም ለመሸሽ ከጎሬው ሲርቅ ቡችሎቹ ብቻቸውን ይቀራሉ።

ውሻና በሽታ

ቀይ ቀበሮን በአጭር ጊዜ የሚጨርሰው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ካናይን ዲስቴምፐር የሚባለው የውሻ የቫይረስ በሽታ። ሁለቱም ከውሻ ይመጣሉ። ባሌ ውስጥ በፈረንጆቹ 2003 የእብድ ውሻ በሽታ ዌብ ሸለቆ ሲገባ በዚያ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ገድሏል። እንዲህ ያለ ነገር ጥቂት መንጋ ባለው የላስታ ተራራ ላይ ቢደርስ የሚተርፈው ስንት እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ስለዚህ ጎሬ አጠገብ የታየ ውሻ ሁሉ ይመዝገብ፦ ቀለሙ፣ ከእረኛ ጋር ነው ወይስ ብቻውን፣ ከየትኛው መንደር። ይህ ዝርዝር ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም የትኛው መንደር በመጀመሪያ መከተብ እንዳለበት ይነግረዋል። በሽታው እንዳይዛመት በየመንደሩ ካሉት ውሾች 70 በመቶ ያህሉ መከተብ አለባቸው፤ አምስት ስድስት ውሻ ከትቦ መመለስ አይበቃም።

የምትጠነቀቁበት ምልክት ይህ ነው፦ ሰው የማይፈራ ወይም የሚተናኮል ቀበሮ፣ የሚንገዳገድ፣ የኋላ እግሩን የሚጎትት፣ አገጩ የወደቀና ለሃጩ የሚዝረበረብ። ዲስቴምፐር ከሆነ ዓይንና አፍንጫው ያፈሳል፣ ያስላል፣ ሰውነቱን ያንቀጠቅጠዋል። በአንድ ሳምንት ሁለት የሞተ አዋቂ ከተገኘ ስልክ የሚደወለው በዚያው ሰዓት ነው፤ ለወር ሪፖርት አይቆይም።

ሬሳውን በእጅ አትንኩ። ከሁለት በኩል ፎቶ አንሱ፣ አጠገቡ እርሳስ አኑሩ ለመጠን፣ ጂፒኤሱን ያዙ፣ ልጆችና ውሾች እንዳይቀርቡ አንድ ሰው ይቆይ፣ ሐኪሙ ይምጣ። ናሙናው የሚወሰደው ከአንጎል ስለሆነ ሬሳው ሳይበሰብስና ጆፌ አሞራ ሳይበላው መድረስ አለበት። አትቅበሩት፣ አታቃጥሉት፤ ያን ሐኪሙ ናሙናውን ወስዶ ይወስናል።

ቀበሮም ውሻም ሰው ቢነክስ፣ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ይታጠብ። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፤ ሰዓት አይታችሁ ነው። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ዱዓውም ይደረግ፣ ጠበሉም ይጠመቅ፤ ክትባቱ ግን እስከ መጨረሻው መርፌ አይቋረጥ። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም።

ምሥጢር ይሁን

የጎሬ ቦታ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ፣ ለአስጎብኚም አይነገር። ላሊበላ ቅርብ ነው፣ እንግዳ ብዙ ነው፤ ቡችላ አለ ሲባል በማግስቱ ካሜራ ይዞ የሚወጣ አይጠፋም። ፎቶ ለሰው ስትልኩ ፋይሉ ውስጥ የቦታው ቁጥር እንደተቀመጠ አስታውሱ፤ ከመላካችሁ በፊት ከስልኩ ማስተካከያ ላይ አጥፉት። ለመዝገቡ የሚያስፈልገው ቁጥር ደብተሩ ላይ አለ።

የመጨረሻው ጉብኝት

ቡችሎቹ 6 ወር ሲሞላቸው፣ ማለት ለጥቅምት ልጆች በሚያዝያ፣ ለጥር ልጆች በሐምሌ፣ ከአዋቂ ጋር እየሮጡ ስለሚዘዋወሩ በመጠን ብቻ መለየት ይከብዳል። ያን ጊዜ መለያው ጭራና አፈሙዝ ነው፤ የወጣቱ ጭራ ሳሳ፣ አፈሙዙ አጠር ይላል። ሦስት ጠዋት ተቀምጣችሁ ወጣቶቹን ቁጠሩ፣ ያንን ቁጥር በመጀመሪያ ካያችሁት ትልቁ ቁጥር አጠገብ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ፣ ጎሬው ለሁለት ሳምንት ምንም እንዳልገባበት ካረጋገጣችሁ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ በሩ መሄድ ትችላላችሁ። መግቢያዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ወዴት እንደሚያዩ፣ ከድንጋይ ሥር ናቸው ወይስ ከአፈር፣ በምን ያህል ርቀት ላይ የእግር መንገድ ወይም የታረሰ ማሳ እንዳለ ለኩ። እጃችሁን ወደ ውስጥ አታስገቡ፣ አፈሩን አትቆፍሩ፣ ድንጋዩንም አታንሱ፤ በሚቀጥለው ጥቅምት ሊመለሱበት ይችላሉ።